በሸራ መርከብ ላይ የመርከበኞች የዕለት ኑሮ

የታላላቅ የባሕር ጉዞዎች ታሪክ ሲነገር ጎልቶ የሚሰማው የአዛዡ ስም ነው። ሸራውን ስለ ሰቀለው፥ ገመዱን ስለ ሳበው፥ ሌሊቱን ነቅቶ ስላደረው ተራ መርከበኛ ግን የሚጠይቅ ጥቂት ነው። በዚህ አጭር ጽሑፍ የዚያን ሰው ኑሮ እንመለከታለን። ለምሳሌነት የመረጥነው ዓለም ለመጀመሪያ ጊዜ የተዞረበትን የማጄላንን ጉዞ ነው። በጉዞው የነበረው ኢጣሊያዊው አንቶኒዮ ፒጋፌታ ያየውን ጽፎ ስላቆየልን ብዙ ነገር ለማወቅ ተችሏል። ዓመታቱ በአውሮፓ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ፖርቱጋላዊው ፈርዲናንድ ማጄላን የእስፓንያ ንጉሥ አገልጋይ ሆኖ፥ ከ230 የሚበልጡ ሰዎችን በ5 መርከቦች አሳፍሮ፥ ሴፕቴምበር 20 ቀን 1519 ዓ.ም. ከሳንሉካር ወደብ ተነሣ። ዓላማው በምዕራብ በኩል ዞሮ ቅርንፉድ ወደሚገኝባቸው ወደ ሞሉካ ደሴቶች መድረስ ነበር። መርከቦቹ ከእንጨት የተሠሩ ሲሆኑ የሚጓዙትም በነፋስ ኃይል ነው።

በእንደዚህ ያለ መርከብ ላይ ጊዜ የሚለካው በአሸዋ ሰዓት ነበር። አሸዋው ከላይኛው ብርጭቆ ወደ ታችኛው ፈስሶ እስኪያልቅ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል፤ ባለቀ ቁጥር አንድ ልጅ ይገለብጠዋል። ይህ ሥራ የሚሰጣቸው ልጆች ዕድሜያቸው እንደ እኛ እንደ ተማሪዎቹ ወይም ከዚያ ያነሰ ነበር። ልጁ ቢያንቀላፋ የጊዜው ቁጥር ይፋለሳል፤ የተሄደው ርቀት የሚገመተው በጊዜ ስለሆነ የመርከቡ መንገድ ግምትም አብሮ ይበላሻል። ስለዚህ የትንሹ ልጅ ንቃት ለሁሉም ደኅንነት ያስፈልግ ነበር።

ሌሊቱ በሦስት የጥበቃ ተራ ተከፍሎ ነበር። የማጄላን መርከብ በስተኋላዋ መብራት ታበራለች፤ የቀሩት መርከቦች እርሷን እያዩ ይከተላሉ። ትእዛዝ የሚተላለፈውም የመብራቱን ቁጥር በመለዋወጥ ነበር። ቀን ደግሞ ሸራ ይዘረጋል፥ ይታጠፋል፤ የተቀደደው ይሰፋል፤ ወደ መርከቡ የሚሰርገው ውሃ በእጅ መሳቢያ ይወጣል። ክፍል ያላቸው አለቆቹ ናቸው፤ ተራው መርከበኛ ባገኘው ሥፍራ በሳንቃ ላይ ይተኛል፤ ብዙ ጊዜም ልብሱ እንደ ረጠበ ያድራል።

ምግቡ የሚበስለው በሰገነቱ ላይ አሸዋ በተነጠፈበት ምድጃ ነው። ማዕበል ሲነሣ እሳት ማንደድ ስለማይቻል ሁሉም ቀዝቃዛ ይበላል። በአገራችን መንገደኛ በሶና ድርቆሽ እንደሚሰንቅ ሁሉ የመርከበኛም ዋና ስንቅ ደረቅ ብስኩት ነበር። ከዚህም ጋር በጨው የደረቀ ሥጋና ዓሣ፥ ሽምብራ፥ ባቄላ፥ ዘይትና የወይን ጠጅ ይጫናል። ትኩስ ፍሬና ቅጠል ግን በባሕር ላይ ፈጥኖ ይበላሻል።

ታላቁ መከራ የመጣው በፓሲፊክ ውቅያኖስ ላይ ነው። ኖቬምበር 28 ቀን 1520 ዓ.ም. ሦስት መርከቦች ዛሬ በማጄላን ስም ከሚጠራው ጠባብ የባሕር መተላለፊያ ወጥተው ወደዚህ ውቅያኖስ ገቡ። ጉዋም ደሴት የደረሱት ማርች 6 ቀን 1521 ዓ.ም. ነው። በዚህ ሁሉ ጊዜ ብስኩቱ በትል ተበልቶ ዱቄት ሆነ፤ የአይጥ ሽንትም ይሸት ነበር። ውሃው ቢጫ ሆኖ ገማ። በምሰሶው ላይ የተጠቀለለውን የበሬ ቁርበት አራትና አምስት ቀን በባሕር ውሃ ዘፍዝፈው፥ በፍም ጠብሰው በሉት። አንድ አይጥ በግማሽ ዱካት ወርቅ ይሸጥ ነበር፤ እርሱም ቢሆን እንደ ልብ አልተገኘም።

ከሁሉ የከፋው ስከርቪ የሚባለው በሽታ ነበር። የበሽተኛው ድድ አብጦ ጥርሱን ስለሚሸፍን ምግብ ቢገኝ እንኳ መብላት አይችልም። ፒጋፌታ እንደ ጻፈው 19 መርከበኞች ሞቱ። ነገሩን የሚያሳዝነው ከዚያ ቀደም በመተላለፊያው ዳር፥ ሌላ ምግብ ስላጡ፥ በምንጭ አጠገብ የበቀለ ቅጠል ለብዙ ቀን ለቅመው በልተው ነበር። እንዲህ ያለው ትኩስ ቅጠል በሽታውን የሚከላከል መሆኑን ግን አላወቁም።

ማጄላን ኤፕሪል 27 ቀን 1521 ዓ.ም. በፊሊፒን ደሴቶች በውጊያ ሞተ። ሴፕቴምበር 6 ቀን 1522 ዓ.ም. ቪክቶሪያ የተባለችው መርከብ በኤልካኖ አዛዥነት 18 ሰዎችን ብቻ ይዛ ወደ ሳንሉካር ተመለሰች። ከቀሩት አንዳንዶቹ ቀደም ብለው ከመንገድ ተመልሰው ነበር፤ ጥቂቶችም ዘግይተው መጡ፤ ብዙዎቹ ግን አገራቸውን ዳግመኛ አላዩም።

ከዚያ በኋላም ስከርቪ መርከበኛን ሲገድል ኖረ። በ1747 ዓ.ም. ጀምስ ሊንድ የሚባል የእንግሊዝ የመርከብ ሐኪም 12 በሽተኞችን ሁለት ሁለት አድርጎ ከፍሎ ለየጥንዱ ልዩ ልዩ መድኃኒት ሰጠ። በየቀኑ ብርቱካንና ሎሚ የተሰጣቸው ሁለቱ ከሁሉ ቀድመው ዳኑ። ሊንድ ይህን በ1753 ዓ.ም. በመጽሐፍ ገለጸ፤ የእንግሊዝ ባሕር ኃይል የሎሚ ጭማቂ እንዲታደል ያዘዘው ግን በ1795 ዓ.ም. ነው። በዚህ መካከል 42 ዓመት አለፈ።

እንግዲህ እነዚያ መርከበኞች ድፍረትና ትዕግሥት አላነሳቸውም። ያነሳቸው ዕውቀት ነበር፤ መድኃኒቱ ግን በየገበያው የሚሸጠው ሎሚ ነበር። ዕውቀቱ ከተገኘም በኋላ ሳይሠራበት በመቆየቱ ሌሎች ብዙዎች አለቁ። ስለዚህ እኛ ተማሪዎች መማር ብቻ ሳይሆን የተማርነውን ሳንዘገይ በሥራ ላይ ማዋል እንደሚገባን ከዚህ ታሪክ እንረዳለን።