ከግንቡ በፊት ባሕር ነበረ

እንግዲህ ጆሯችሁን አውሱኝ፤ ሩቅ አገር ልወስዳችሁ ነው። ዘመኑን በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር እጠራዋለሁ።

በጃፓን፣ ከቶኪዮ መሐል ከተማ 10 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ኡራያሱ የምትባል የዓሣ አስጋሪዎች መንደር ነበረች። ወንዝ ከባሕር በሚገናኝበት አፍ ላይ የተቀመጠች፣ ባሕሯም ጥልቀት የሌለው። ውኃው ሲሸሽ ዓይን እስከሚያይ ድረስ ጭቃና አሸዋ ይገለጣል። ያን ጊዜ የመንደሩ ሰው ረጅም እጀታ ያለው መቧጠጫ ይዞ ይወርድና አሸዋውን እየቧጠጠ ዛጎል ውስጥ የሚኖሩትን የባሕር ፍጥረታት ይለቅማል። ብርዱ ሲገባ ደግሞ ሥራው ሌላ ነው። በባሕሩ ውስጥ ቀርከሃ ይተክላሉ፤ በቀርከሃውም ላይ ኖሪ ያበቅላሉ። ሱሺ የሚጠቀለልበት ያ ጥቁር ስስ ቅጠል ማለት ነው። ለዚህ ሥራ የሚወጡባት ጀልባ ቤካ ትባላለች፤ ጠባብ ናት፣ ሆዷ ጠፍጣፋ፣ አንድ ሰው ጎንበስ ብሎ የሚሠራባት። እጅ በቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ተነክሮ ይውላል። የለቀሙትን ከትፈው፣ በስሱ ዘርግተው፣ ፀሐይ ላይ ያሰጡታል። ሹጎሮ ያማሞቶ የተባለው ደራሲ በወጣትነቱ በዚህች መንደር ኖሮ፣ ከብዙ ዘመን በኋላ በዚያችው ጀልባ ስም የተጠራ መጽሐፍ ጽፎላታል።

ከዚህ ባሕር ላይ ይህን ያህል ያቆየኋችሁ በምክንያት ነው። ዛሬ ያ ባሕር የለም። በቦታው የሲንደሬላ ግንብ ቆሟል፤ ቁመቱ 51 ሜትር ነው። ቶኪዮ ዲዝኒላንድ ይሉታል። ስለዚህ ፓርክ ሲወራ ሰው የሚያነሣው ሚኪ ማውስን ነው፤ የተሠራበትን ዘመን የሚጠይቅ ቢገኝም ከ1980 እስከ 1983 ብለው ይመልሱለታል። በእኔ እምነት ግን ይህ ፓርክ መሠራት የጀመረው ግንበኛ እግሩን ሳያነሣ፣ ከሃያ ዓመት በላይ ቀደም ብሎ ነው።

አሁን ወደ 1958 ኑልኝ። በዚያ ዓመት ሁለት ነገር ሆነ።

አንደኛው በወንዙ ላይ ሆነ። ከኡራያሱ ወደ ላይ ያለ የወረቀት ፋብሪካ በጸደይ ወራት ጥቁር ቆሻሻ ውኃ ወደ ወንዙ መልቀቅ ጀመረ። ወንዙ ወደ ባሕሩ አወረደው፤ የባሕሩም ፍጥረት አለቀ። አስጋሪዎቹ አቤት አሉ፤ የሰማቸው አልነበረም። ሰኔ ሲገባ በመቶ የሚቆጠሩ ሆነው ፋብሪካው ግቢ ገቡ፤ ከፖሊስም ጋር ተጋጩ፤ ብዙ ሰው ቆሰለ። ያ ቀን በከንቱ አልቀረም። ዓመቱ ሳያልቅ የጃፓን ፓርላማ የውኃን ንጽሕና የሚመለከቱ ሁለት ሕጎች አወጣ። እነዚህ ሕጎች ሲነሡ ስማቸው ሊነሣ የሚገባው እነዚያ አስጋሪዎች ናቸው። ባሕሩ ግን እንደ ቀድሞው አልሆነላቸውም። የቶኪዮ ፋብሪካዎች በዙ፤ ከተማዋም እየሰፋች መጣች።

ሁለተኛው ነገር በአሜሪካ ሆነ። ኬይሴይ የተባለው የባቡር ኩባንያ ፕሬዚዳንት ቺሃሩ ካዋሳኪ ጽጌረዳ ፍለጋ ወደዚያ ተሻግሮ ነበር። ኩባንያው ያትሱ በሚባል ቦታ የመዝናኛ ስፍራ ነበረውና ለአትክልቱ የሚሆን ጽጌረዳ ይፈልግ ነበር። ካዋሳኪ በዚሁ መንገዱ ካሊፎርኒያ ውስጥ ከተከፈተ ሦስት ዓመት የሆነውን ዲዝኒላንድ አየ። አይቶም ልቡ እዚያው ቀረ። ይህን ለጃፓን ልጆች አመጣለሁ ብሎ ተመለሰ።

በ1960 የኬይሴይ ባቡርና ሚትሱይ የተባለው የመሬትና የሕንፃ ኩባንያ ከሌሎች ጋር ሆነው ኦሪየንታል ላንድ የሚባል ኩባንያ አቋቋሙ። እዚህ ላይ ለአንድ አፍታ ወደ ወገኖቻችን ዞር ልበል። ቶኪዮ ውስጥ ዮትሱጊ በሚባለው ሰፈርና በአካባቢው ብዙ ኢትዮጵያውያን ይኖራሉ፤ የሰፈሩም ባቡር ይኸው ኬይሴይ ነው። ወገኖቻችን ማለዳ ወደ ሥራ የሚሳፈሩበት ባቡር የዲዝኒላንድን ሐሳብ መጀመሪያ የጸነሰው ኩባንያ መሆኑን እዚያ ያሉት ቢያውቁት ደስ ይለኛል።

ኩባንያው ተቋቋመ፤ መሬት ግን የለውም። የታሰበው መሬት ገና ባሕር ነው። ባሕሩ ደግሞ ባለቤት አለው፤ በጃፓን ሕግ የማስገር መብት የአስጋሪዎቹ ማኅበር ነው። እነሱ እሺ ካላሉ አንድ አካፋ አሸዋ አይደፋም። ታዲያ ፋብሪካ ግቢ ሰብሮ የገባን ሕዝብ ማን ደፍሮ ባሕርህን ስጠኝ ይበለው?

የተላከው ሰው ማሳቶሞ ታካሃሺ ይባላል። በ1961 ወደ ኩባንያው ሲገባ ሚትሱዮች የመረጡት በአንድ ነገር ነው፤ መጠጥ ይችላል። ትልቅ ትምህርት ቤት ያለፈ፣ ሕግ የተማረ ሰው ነበር፤ የተፈለገው ግን ለሳኬው ነው። ሳኬ ከሩዝ የሚጠመቅ መጠጥ ነው፤ የኡራያሱ አስጋሪዎችም ጠጪዎች ናቸው። ታካሃሺ በየቤታቸው ሄደ። አብሮ ተቀመጠ፣ አብሮ ጠጣ፣ ቁጣቸውን ሰማ። በኋላም ለታላላቅ እንግዶች በሚመረጡ ምግብ ቤቶች እያስቀመጠ ጋበዛቸው። የባሕር ሰው ብሎ አልናቃቸውም።

አንዳንዶች ይህን ሲያወሩ ታካሃሺ አስጋሪዎቹን በመጠጥ አሳመናቸው ይላሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። ባሕሩ ታሞ ነበር። አባቶች ልጆቻቸው በዚህ ውኃ እንደማያድሩ አይተው ነበር። ታካሃሺ ያደረገው ነገር ቢኖር ፋብሪካው ያላደረገውን ነው፤ ቀርቦ ሰማቸው። በ1962 ካሳ ተቀብለው የባሕሩን ከፊል መብት ለቀቁ። የቀረውን በ1971 ለቀቁ። ከትውልድ ትውልድ ሲወርድ የመጣ የኖሪና የዛጎል ሥራ በዚያ ዓመት አበቃ። ያቺ ቀን ለአንድ ሽማግሌ አስጋሪ ምን እንደነበረች ለማሰብ ጃፓናዊ መሆን አያስፈልግም።

በ1964 አሸዋው መፍሰስ ጀመረ። ከባሕሩ ወለል በመሣሪያ እየተመጠጠ በቧንቧ ይመጣና በግድብ በታጠረው ስፍራ ይራገፋል፤ ውኃው ይንጠፈጠፋል፤ አሸዋው ይቀራል። ኡራያሱ እንዲህ እያለች አደገች። 4 ካሬ ኪሎ ሜትር ተኩል የማትሞላው መንደር ዛሬ ወደ 17 ካሬ ኪሎ ሜትር ሆናለች። የጠቅላይ ግዛቱ አስተዳደር መሬቱን ሲሰጥ ግዴታ አኑሮበት ነበር፤ ከፊሉ ለትልቅ የመዝናኛ ስፍራ መዋል አለበት። ይህችን ግዴታ በልባችሁ ያዟት። መሬት ሲወደድ ቤት ሠርቶ መሸጥ ያዋጣል የሚሉ ባለ አክሲዮኖች ሲነሡ፣ ፓርኩን ካቆዩት ነገሮች አንዷ እሷ ናት።

የዲዝኒላንድ ባለቤቶች አሜሪካኖቹ ግን በቀላሉ እሺ አላሉም። ናራ በተባለችው ጥንታዊ ከተማ ሌላ ነጋዴ ከእነሱ ጋር ሳይስማማ ቀርቶ፣ ዲዝኒላንድን የሚመስል ድሪምላንድ የሚባል ፓርክ በ1961 በራሱ ከፍቶ ነበር፤ በ2006 ተዘጋ። ኦሪየንታል ላንድ ግን ዋናውን እንጂ አምሳያውን አልፈለገም። ዋልት ዲዝኒ በ1966 ሞተ፤ ነገሩም ለዓመታት ተንጠልጥሎ ቆየ። በ1974 መጨረሻ የዲዝኒ ሹማምንት ቦታ ሊያዩ ጃፓን መጡ። ሚትሱቢሺ የተባለው ኩባንያም በፉጂ ተራራ ግርጌ ያለ ቦታ አዘጋጅቶ ይጠብቃቸው ነበር። የኡራያሱ ሰዎች እንግዶቹን በሄሊኮፕተር አሳፍረው ከላይ አሳዩአቸው። ከታች ያለው ባዶ አሸዋ ነው፤ ጎኑ ላይ ግን ቶኪዮ ከነሕዝቧ ተዘርግታለች። ከዚያ በላይ መናገር አላስፈለገም።

ስምምነቱ ግን ገና ከአራት ዓመት በላይ ፈጀ። ዲዝኒ ገንዘቡን ማስገባት አልፈለገም፤ ስሙንና ዕውቀቱን ይሰጣል፣ ከመግቢያ ቲኬት 10 በመቶ፣ ከምግብና ከዕቃ ሽያጭ 5 በመቶ ይወስዳል። ኪሳራው ሁሉ የጃፓኖች ነው። በኦሪየንታል ላንድ በኩል ብዙዎች ይህ ውል አይሆንም አሉ። ታካሃሺ በ1978 ፕሬዚዳንት ሆኖ ነበርና ይዞ ገፋበት። ኤፕሪል 30 ቀን 1979 ውሉ ተፈረመ፤ ዲሴምበር 3 ቀን 1980 ሥራው ተጀመረ።

መጀመሪያ ግን መሬቱን መሬት ማድረግ ነበረባቸው። ከባሕር የመጣ አሸዋ ልል ነው፤ በውስጡም ውኃ አለ። የምድር መናወጥ ሲመጣ የአሸዋው ቅንጣቶች መያያዛቸውን ይለቁና መሬቱ እንደ ውኃ ይፈስሳል። መድኃኒቱ ሌላ አሸዋ ነው። ወፍራም የብረት ቱቦ እያርገበገቡ ወደ ታች ይሰዱታል፤ በቱቦው አሸዋ ይጨምራሉ፤ ቱቦውን ከፍ ዝቅ እያደረጉ አሸዋውን ወደ ጎን ይገፉታል። መስፈሪያ ውስጥ ያለ ጤፍ ሲነቀነቅ እንደሚጠቀጠቅ መሬቱም ይጠቀጠቃል። ይህን በየጥቂቱ ርቀት እየደጋገሙ ከሥሩ አጸኑት። ሲያልቅ ከላይ ምንም አይታይም። ለእኔ ከፓርኩ ሥራ ሁሉ ትልቁ ይህ ነው፤ የሚያየው ግን የለም።

ከዚያ በኋላ የሚታየው መጣ። የኦሪየንታል ላንድ ሠራተኞች ካሊፎርኒያ ሄደው ተማሩ፤ የአሜሪካ ባለሙያዎችም መጥተው አብረው ሠሩ። ጥበቡ ከሩቅ ሲያዩት ቀላል ይመስላል። የድንጋይ ገደል ሲሠሩ ብረት ያጎብጣሉ፣ በሽቦ ወንፊት ያለብሱታል፣ ሲሚንቶ ይረጩበታል፤ ከዚያም ሲሚንቶው ሳይደርቅ በእጅ ስንጥቅና ንቃቃት ያወጡለታል። ቀለም ቀቢው ደግሞ ዝናብ የወረደበትን መስመርና ሽበት ያስገባበታል። አዲሱን ነገር አሮጌ ማስመሰል አሮጌውን ከማደስ ይከብዳል። አሜሪካ ላይ ጣሪያ የሌለው የመግቢያ መንገድ በኡራያሱ የመስታወት ጣሪያ ለበሰ፤ የጃፓን ዝናብ ብዙ ነውና። ወጪው 100 ቢሊዮን የን ይሆናል ተብሎ ተጀምሮ 180 ቢሊዮን ላይ ደረሰ። ታካሃሺ ግን ዋናውን ዓይነት እንጂ ርካሹን አትሥሩ ባይ ነበር።

ኤፕሪል 15 ቀን 1983 በሩ ተከፈተ። ዝናብ ይዘንብ ነበር፤ ሥነ ሥርዓቱም በዚያ ጣሪያ ሥር ሆነ። በመጀመሪያው ዓመት 10 ሚሊዮን ያህል ሰው ገባ። ካዋሳኪን ለጽጌረዳ ፍለጋ ያስነሣው የያትሱ መዝናኛ ግን አዲሱ ፓርክ ከመከፈቱ ከጥቂት ወራት በፊት ተዘግቶ ነበር፤ የጽጌረዳ አትክልቱ እስከ ዛሬ አለ።

በሴፕቴምበር 4 ቀን 2001 ከጎኑ ሁለተኛው ፓርክ ዲዝኒሲ ተከፈተ፤ ወጪው ወደ 338 ቢሊዮን የን ነበር። ታካሃሺ አላየውም። በ2000 መጀመሪያ ዐርፎ ነበር።

ማርች 11 ቀን 2011 ከሰዓት በኋላ በጃፓን የታወቀው ትልቁ መናወጥ መጣ። በሁለቱ ፓርኮች ውስጥ 70,000 ያህል ሰው ነበረ። ሠራተኞቹ ጭንቅላታችሁን ሸፍኑ እያሉ ለሽያጭ የተቀመጡትን አሻንጉሊቶች ለሰው አደሉ። ባቡር በመቆሙ 20,000 ያህሉ እዚያው አደሩ። በኡራያሱ ከተማ ከባሕር የተወሰደው መሬት ፈሰሰ፤ ቤቶች አዘነበሉ፣ የፍሳሽ ጉድጓዶች ከመንገዱ በላይ ብቅ አሉ። የመኪና ማቆሚያውም ተጎዳ። ፓርኩ የቆመበት መሬት ግን ጸና፤ ያ ማንም የማያየው የአሸዋ ምሰሶ ከ30 ዓመት በኋላ ሥራውን ሠራ። የጸና ሌላም ነበር። ጥንት አስጋሪዎቹ ይኖሩበት የነበረው አሮጌው ሰፈር አልፈሰሰም።

ጃፓን የምትኖሩ ወይም ልጆቻችሁን ይዛችሁ ወደዚያ የምትሄዱ ወገኖቼ፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ከፓርኩ ጉዟችሁ ጥቂት ሰዓት ቀንሱና ወደ ኡራያሱ ከተማ ሙዚየም ጎራ በሉ። መግቢያው ነጻ ነው። በግቢው ውስጥ የ1952ቷን የአስጋሪዎች መንደር ከነቤቶቿ፣ ከነሱቆቿና ከነጀልባዎቿ መልሰው ሠርተዋታል። ልጆቻችሁን ቤካዋን አሳዩአቸው፤ ግንቡ የቆመበትን ባሕር የለቀቁት ሰዎች በዚህች ጀልባ ይሠሩ እንደነበርም ንገሯቸው።