ከኩሽኔታው እስከ ስኩተሩ

በአንድ እግር ቆመው በሌላው መሬቱን እየገፉ የሚነዱት ባለ ሁለት ጎማ ስኩተር፣ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ አዲስ አበባ ውስጥ የቤተሰብ መዝናኛ ወደ መሆን ተቃርቧል። በእሑድ ቀን መስቀል አደባባይ ብቅ ያለ ሰው፣ ልጁ ፊት ፊት ሲከንፍ አባትየው ጃኬትና የውኃ ኮዳ ተሸክሞ ከኋላ ሲያለከልክ ያያል። እናቶችም አልፎ አልፎ፣ ሰው አየን አላየን ብለው ዞር ዞር ካሉ በኋላ ይሞክሩታል። ይህን ያየ ሰው ነገሩ ትናንት በካርቶን ታሽጎ ከውጭ የገባ አዲስ ፈሊጥ ቢመስለው አይፈረድበትም። ነገር ግን ስኩተር ረዘም ያለ ታሪክ አለው፤ ያም ታሪክ በአብዛኛው የመንገድ ታሪክ ነው።

ከሥሩ እንጀምር ካልን ጀርመን እንደርሳለን። ካርል ፎን ድራይስ የተባለው ባላባት እ.ኤ.አ. ጁን 12 ቀን 1817 ማንሃይም ከተማ ውስጥ ሁለት ጎማ በአንድ መስመር የተገጠመለት የእንጨት መኪና ላይ ተቀምጦ፣ መሬቱን በሁለት እግሩ እየረገጠ ወጣ። ፔዳል አልነበረውም፤ ፔዳል የመጣው ከአርባ ዓመታት በላይ ቆይቶ ነው። የብስክሌት አባት የሚባለው ይኸው መኪና ቢሆንም፣ በእግር በመገፋቱ ለስኩተርም ቅርብ ዘመድ ነው። ችግሩ የነበረው መንገዱ ላይ ነው። ጎዳናውን የሠረገላ ጎማ አርሶት ስለነበር ነጂዎቹ ወደ እግረኛው መሄጃ ወጡ፤ እግረኛው ተማረረ፤ በተለያዩ ከተሞችም ክልከላ መጣ። ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1915፣ ኒውዮርክ ላይ ኦቶፔድ የተባለ ባለ ሞተር ስኩተር ተሠርቶ ነበር፤ እርሱም ብዙ አልቆየም። በዚያው አገር የድኻ ልጆች ግን ሞተር ሳያስፈልጋቸው፣ አሮጌ የጫማ መንሸራተቻ ጎማ ጣውላ ላይ ቸንክረው የራሳቸውን ስኩተር ይሠሩ ነበር።

የእኛ ታሪክ የሚገናኘው ከእነዚህ ልጆች ጋር ነው፤ መነሻውም ጋራዥ ነው። ኩሽኔታ የሚለው ቃል ራሱ፣ ቡሎንንና ፍሪሲዮንን ካወረሰን ከጣሊያንኛው የመካኒኮች ቋንቋ የመጣ ነው። አጎቴ ጋራዥ ይሠራ ስለነበር ያረጀ ኩሽኔታ ሲጣል ለቅሞ ያመጣልናል፤ ይህም በሰፈሩ ልጆች ዘንድ ከፍ ያለ ማዕረግ አሰጥቶኝ ነበር። ሁለት ኩሽኔታ ያለው ቆሞ የሚነዳውን ይሠራል፦ አንድ ጣውላ ለመቆሚያ፣ አንድ ቀጥ ያለ እንጨት ለመሪ፣ መሪውን የሚያዞር ቡሎን፣ ለፍሬን ደግሞ ከኋላ የተቸነከረ የጎማ ቁራጭ። ፍሬኑ እምቢ ሲል ጫማ ነው፤ የጫማው ሶል ሲያልቅ ደግሞ ቤት የሚጠብቀው ነገር ይታወቃል። ሦስት ወይም አራት ኩሽኔታ ከተገኘ ቁጭ ተብሎ የሚነዳው ይሆናል።

ብረቱ አስፋልት ሲነካ የሚያወጣውን ጩኸት የማያስታውስ የእኔ እኩያ ያለ አይመስለኝም። በሽተኛ ያለበት ቤት ሰው ዱላ ይዞ ይወጣ ነበር። ታዲያ ኩሽኔታ ኮረት ላይ አይሄድም፤ ጭቃ ላይማ አይታሰብም። የእኛ ሰፈር መንገድ ኮረት ስለነበር መኪናችንን በትከሻችን ተሸክመን አስፋልት ወዳለበት ሰፈር እንወርዳለን። የዚያ ሰፈር ልጆች ቀረጥ ይጠይቁናል፤ አንድ ዙር ነድተው ካልመለሱልን ቁልቁለቱን አይለቁልንም።

በዚህ ሁሉ ውስጥ ያልነበረ አንድ ነገር ቢኖር ወላጅ ነው። ከአባቴና ከእናቴ ጋር የምንወጣው ለቤተ ክርስቲያን፣ ለሠርግ፣ ለልቅሶ ወይም ዘመድ ጥየቃ ነበር። ጨዋታ የልጅ ነው፤ ያውም ከትምህርትና ከመላላክ የተረፈ ጊዜ ካለ። ትልቅ ሰው ኩሽኔታ ላይ ቢታይ ጠበል ውሰዱት ይባል ነበር።

ወላጅና ልጅ አብረው የሚነዱትን ስኩተር ታሪክ ያገኘሁት ስዊዘርላንድ ነው። የዛሬውን ታጣፊ ስኩተር ያስገኘው ቪም ኡቦተር፣ አንዷ እህቱ አንደኛው እግሯ አጭር ሆኖ መወለዱን ራሱ ይናገራል። ብስክሌት ለእርሷ አስቸጋሪ ነበር፤ በስኩተር ግን ከሌሎቹ እኩል መሄድ ትችላለች። ስለዚህ ቤተሰቡ ሽርሽር ሲወጣ በስኩተር ይወጣ ነበር። አንዷን ከኋላ ላለመተው ሁሉም በእርሷ መጓጓዣ ሄዱ ማለት ነው። ከፈጠራው ታሪክ ሁሉ እኔ የምወደው ይህንን ነው።

ጋዜጦች ደጋግመው የሚያወሩት ግን የቋሊማውን ነው። ዙሪክ ውስጥ፣ እ.ኤ.አ. በ1990፣ ኡቦተር ቋሊማ ያምረዋል፤ ቋሊማ ቤቱ ደግሞ በእግር ለመሄድ የራቀ፣ ብስክሌት ለማውጣት የቀረበ ነው። ለዚህች መካከለኛ ርቀት ሲል የመንሸራተቻ ጫማ ጎማ የተገጠመለት፣ የሚታጠፍ ትንሽ ስኩተር ሠራ። የሠራውም ለዓመታት ጋራዥ ውስጥ ተቀመጠ። ባለቤቱ የጎረቤት ልጆች እንዴት እንደሚሻሙበት አይታ ባትገፋፋው ኖሮ እዚያው ይቀር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1999 ጃፓን ውስጥ ተሸጠ፤ በ2000 ዓለምን አዳረሰ።

ስኩተር ሁሉ መጫወቻ ነው እንዳይባል ደግሞ ምሥራቅ ኮንጎ አለች። ጎማ ከተማ ውስጥ ቹኩዱ የሚባለው የእንጨት ስኩተር በመቶ ኪሎ የሚቆጠር ድንችና ከሰል ተጭኖበት ይነዳል፤ ቤተሰብ ያስተዳድራል፤ በከተማዋ አደባባይ ሐውልት ቆሞለታል። ለኩሽኔታ ሐውልት ያቆመ ሰፈር እስካሁን አላየሁም።

አዲስ አበባ ላይ ወላጁን ከልጁ ጋር ያወጣው፣ እንደ እኔ አስተያየት፣ የስኩተሩ መርከስ አይደለም፤ ያን ያህል አልረከሰም። በ2011 ዓ.ም. «መንገድ ለሰው» በሚል የተመረጡ ጎዳናዎች በእሑድ ጠዋት ለጥቂት ሰዓታት ከመኪና ነፃ መደረግ ጀመሩ። በ2013 ዓ.ም. ደግሞ መስቀል አደባባይ ታድሶ፣ ከሥሩ የመኪና ማቆሚያ ተሠርቶለት ተመረቀ። መኪናው ከታች፣ ልጁ ከላይ ሆነ ማለት ነው። አባት ልጁን የሚከተልበት፣ ሲወድቅ የሚያነሣበት፣ ደፍሮም ራሱ የሚሞክርበት ስፍራ ተገኘ።

የእኛ የድሮ ሰፈር ኮረትም ዛሬ አስፋልት ሆኗል፤ እኛ ቀረጥ የከፈልንበት ዓይነት ለስላሳ አስፋልት። ሚኒባሱና የጭነት መኪናው ስለያዙት ግን ልጅ አይነዳበትም። የእህቴ ልጅ ስኩተር ለመንዳት ሲፈልግ አጥፎ በብብቱ ይይዘውና ከእናቱ ጋር ታክሲ ይሳፈራል። አንዳንዱ ረዳት ስኩተሩን እንደ ዕቃ ቆጥሮ ሒሳብ ይጨምርባቸዋል።