ደም በረዶ ቤት ሲያድር

እኛ ቤት "ስኳርሽ ስንት ሆነ?" ከ"እንዴት አደርሽ?" ቀጥሎ የሚመጣ ጥያቄ ነው። ቁጥሩ ከፍ ካለ እንጀራው ይቀነሳል፣ መድኃኒቱ ይጨመራል፣ ቤቱ በሙሉ ይጨነቃል። የሚገርመኝ ግን ቁጥሩ ራሱ ከየት መጣ ብሎ የሚጠይቅ አለመኖሩ ነው። እስቲ ዛሬ እሱን እናንሳ።

ታሪኩ ቴህራን ይወስደናል። እ.ኤ.አ. በ1968 ሳሙኤል ራህባር የተባለ ኢራናዊ ተመራማሪ፣ በስኳር ሕሙማን ደም ውስጥ ከተለመደው የተለየ ሂሞግሎቢን ማየቱን ጽፎ አሳተመ። ነገሩ ሲጣራ፣ በደም ውስጥ ያለው ስኳር ሂሞግሎቢን ላይ ቀስ እያለ ይለጠፋል። ቀይ የደም ሕዋስ 120 ቀን ያህል ስለሚኖር፣ የተለጠፈው መጠን የሁለት ሦስት ወሩን ጉድ ያወጣል። በ1976 ደግሞ ኒውዮርክ፣ ሮክፌለር ዩኒቨርሲቲ የነበሩት እነ አንቶኒ ሴራሚ ይህ ልኬት ሕክምናን ለመከታተል እንደሚጠቅም አሳዩ። ዛሬ "ኤዋንሲ" የምንለው እሱ ነው። በምርመራው ዋዜማ ከጣፋጭ ርቆ ሐኪምን መሸወድ ቀረ ማለት ነው!

ከ1983 እስከ 1993 በአሜሪካና በካናዳ 1,441 የዓይነት አንድ ስኳር ሕሙማን የተሳተፉበት ጥናት፣ ኤዋንሲ ሲወርድ የዓይን፣ የኩላሊትና የነርቭ ጉዳት እንደሚቀንስ አረጋገጠ። ጣጣው ግን አንዱ ላቦራቶሪ ያወጣው ቁጥር ከሌላው አለመስማማቱ ነበር። በ1996 አሜሪካ ውስጥ ልኬቱን የሚያስማማ ፕሮግራም ተጀመረ። በ2010 የአሜሪካ የስኳር ሕመም ማኅበር 6.5 በመቶንና ከዚያ በላይን የስኳር በሽታ መለያ አድርጎ ተቀበለ።

መሣሪያው ተስማማ እንበል። ደሙስ እስኪመረመር የት አደረ? ያልተለየ ደም 4 ዲግሪ ፍሪጅ ውስጥ አንድ ሳምንት ያህል ይቆያል። "እንግዲያው ፍሪዘር ቢገባ የበለጠ ይቆያላ!" ትሉ ይሆናል። እኔም እንደዚያ መስሎኝ ነበር። ነገር ግን ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ፣ ማለትም ሥጋ የምናስቀምጥበት ዓይነት ፍሪዘር፣ ለዚህ ምርመራ አይመከርም። ደሙ የቆመ ይመስላል እንጂ ሂሞግሎቢኑ መለወጡን አይተውም፤ አንዳንድ መሣሪያዎችም ይሳሳታሉ። ከዜሮ በታች 70 ዲግሪና ከዚያ በታች ከሆነ ግን በአብዛኞቹ የምርመራ ዘዴዎች ቢያንስ ለአንድ ዓመት ይታመናል።

ይህ የላቦራቶሪ ሰዎች ጉዳይ ብቻ አይደለም። ከ6.4 ወደ 6.5 ያለችው ርቀት ትንሽ ናት፤ ግን አንድን ሰው ወደ ስኳር ሕሙማን መዝገብ ታሻግራለች። ለዓመታት የተከማቸ ደም ተመርምሮ በሚወጣ ጥናት ላይ ደግሞ ስሕተቱ የአንድ ሰው ሳይሆን የሺዎች ይሆናል።

መብራት ሄዶ በሚመጣበት ከተማ የምንኖር ሰዎች የፍሪዘርን ነገር እናውቀዋለን። ስለዚህ ቁጥሩ ከሰውየው ሁኔታ ጋር አልገጥም ሲል፣ እናታችንን "ምን በላሽ?" ብለን ከማፋጠጣችን በፊት "ደሙ የት ነበር የተቀመጠው?" ብለን እንጠይቅ። ምርመራው ይደገምልን ማለትም ነውር የለውም።