ጋዜጣው ቀድሞ፣ ትምህርት ቤቱ ዘግይቶ

እስቲ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። በዚህ አገር ጋዜጣ የተጀመረው መቼ ነው? የጋዜጠኛ ትምህርት ቤትስ የተከፈተው መቼ? በሁለቱ መልሶች መካከል መቶ ዓመት ሊሞላ ጥቂት የቀረው ዘመን አለ።

«አእምሮ» በ1890ዎቹ አጋማሽ ሲጀመር በእጅ እየተጻፈ ነበር የሚታደለው፤ አዘጋጁም ካቫዲያስ የተባለ ግሪካዊ ነበር። በ1917 ዓ.ም. «ብርሃንና ሰላም» ወጣ። «አዲስ ዘመን» ደግሞ ጃንሆይ ከስደት በተመለሱ በወሩ፣ ግንቦት 30 ቀን 1933 ዓ.ም. ታተመ። ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. መጣ። ይህን ሁሉ ያዘጋጁት ሰዎች ሙያውን የት ተማሩት? እዚያው ሥራው ላይ። ብዕሩ ያማረ፣ ቋንቋ የሚያውቅ ሰው ይቀጠራል፤ ቀሪውን አለቃው ያስተምረዋል።

በወግ የተማረ ጋዜጠኛ የፈለገ ባሕር ይሻገር ነበር። በዓሉ ግርማን ውሰዱ። ጋዜጠኝነትና ፖለቲካል ሳይንስ ያጠናው አሜሪካ፣ ሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ነው። ተመልሶ «መነን»ን እና «አዲስ ዘመን»ን አዘጋጀ። በ1975 ዓ.ም. «ኦሮማይ» ሲወጣ ከማስታወቂያ ሚኒስቴር ሥራው ተባረረ፤ በ1976 ዓ.ም. ከቤት እንደወጣ ቀረ። ሙያውን ውጭ አገር ተምሮ መጣ፤ እዚህ ግን ቀጣሪው አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም መንግሥት።

በአገር ውስጥ የሚያሠለጥን ጨርሶ አልነበረም ማለት አይደለም። የሉተራን ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን የነበረው የብስራተ ወንጌል ራዲዮ ከ1955 ዓ.ም. ጀምሮ አዲስ አበባ ላይ ሲሠራ ባልደረቦቹን ራሱ ያሠለጥን ነበር። ደርግ በ1969 ዓ.ም. ወረሰውና የአብዮቱ ድምፅ አደረገው። ከዚያ ወዲያ የትምህርቱ መንገድ ወደ ሶቪየት ኅብረትና ወደ ምሥራቅ ጀርመን ዞረ። ልብ በሉ፣ ቤተ መንግሥቱም፣ ሚሲዮኑም፣ ፓርቲውም ያሠለጠኑት ለየራሳቸው ቤት ነው። አሠልጣኝና አሠሪ አንድ ሰው ነበሩ።

በ1985 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 34 ሳንሱርን ከለከለ፤ የግል ጋዜጦችም እንደ አሸን ፈሉ። ጸሐፊዎቹ የቀድሞ መምህራን፣ ከመንግሥት መገናኛ ብዙኃን የወጡ ሰዎች፣ ድፍረት እንጂ ሥልጠና የሌላቸው ወጣቶች ነበሩ። «አልሠለጠኑም» ተብለው ያልተወቀሱበት ቀን አልነበረም። የት ይሠልጥኑ? መንግሥት የኢትዮጵያ የመገናኛ ብዙኃን ማሠልጠኛ ኢንስቲትዩትን የከፈተው በ1980ዎቹ መጨረሻ ነው። ያኔ ደግሞ ራዲዮውም ቴሌቪዥኑም በመንግሥትና በገዢው ፓርቲ እጅ ስለነበር፣ ማይክሮፎን ለያዘ ተመራቂ መግቢያው በር የታወቀ ነበር።

ታላቁ ለውጥ በ1990ዎቹ አጋማሽ መጣ፤ ትምህርቱ ወደ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተዛወረ። እ.ኤ.አ. በ2004 በኖርዌይ ድጋፍ የማስተርስ ትምህርት ተጀመረ። በኋላም ባሕር ዳር፣ መቀሌና ጅማ የየራሳቸውን ክፍል ከፈቱ። አሠልጣኙና አሠሪው ተለያዩ ማለት ነው። ግን ምን ሆነ? ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ ብዙ የግል ጋዜጦች ተዘጉ፤ ጋዜጠኞች ታሰሩ፤ ተሰደዱ። ክፍሉ ሲሰፋ ገበያው ጠበበ። ዲግሪው እጃችን ሲገባ ጋዜጣው ከአዟሪው እጅ ጠፋ።

እንዲህም ሆኖ አንድ ያልተነካ ጉዳይ አለ፤ ቋንቋው። የዩኒቨርሲቲ ትምህርት በእንግሊዝኛ ነው፤ ሥራው በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ። «የተገለበጠ ፒራሚድ» እያልን ዋናውን ነገር ከፊት አስቀምጡ የሚለውን ሕግ እንሸመድዳለን። እሺ፣ አማርኛ ግሱን የሚያስቀምጠው የት ነው? መጨረሻ ላይ! «ትናንት ሌሊት መርካቶ ውስጥ ልዩ ስሙ እንዲህ በተባለ ስፍራ በተነሳ እሳት ሦስት ሱቆች…» አንባቢ ሱቆቹ ይቃጠሉ ይትረፉ ለማወቅ የዓረፍተ ነገሩን ጭራ ይጠብቃል። «መርካቶ ሦስት ሱቆች ተቃጠሉ» ብሎ በአጭሩ መጀመር፣ ዝርዝሩን ለሚቀጥለው ዓረፍተ ነገር መተው ይቻላል። ይህን ግን የእንግሊዝኛው መማሪያ መጽሐፍ አይነግረንም፤ ችግሩ የእሱ አይደለማ። ተመራቂው ዜና ክፍል ሲገባ እንደ ጥንቱ ከአለቃው ይማረዋል። ከአለቃው ሲማር ደግሞ የሚማረው ዓረፍተ ነገር ማሳጠር ብቻ አይደለም፤ ማንን መፍራት እንዳለበትም ጭምር ነው።

ለዚህ ነው ቋንቋው የሰዋስው ጉዳይ ብቻ የማይመስለኝ። አሠልጣኞቻችን ተፈራርቀዋል፤ አንባቢው ግን አንድም ቀን ክፍል ውስጥ አልገባም። የ«አዲስ ዘመን» ጥራዞች አሉ፤ የ1980ዎቹ የግል ጋዜጦች አሉ። ደህናውን ከደካማው እየለየን በራሳችን ቋንቋ ብናስተምርባቸው፣ ሙያው ከአለቃ ወደ አለቃ የሚተላለፍ ሹክሹክታ መሆኑ ይቀር ነበር። መቶ ዓመት ለዘገየ ትምህርት ቤት ይህ ብዙ ነው?

እስከዚያው ቸር ወሬ ያሰማን።