ሰልፍ ሳይኖር ተራ የሚጠበቅበት ቤት

እስቲ ጆሯችሁን አውሱኝ፤ የአንድ መጠጥ ቤት ታሪክ ላውጋችሁ። ዘመኑን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ያዙልኝ።

ቤቱ ያለው ለንደን ነው፤ ከቴምዝ ወንዝ በስተደቡብ፣ ሳዘርክ በሚባለው ሰፈር። የለንደንን ድልድይ ተሻግራችሁ ቦሮ ሃይ ስትሪት የተባለውን አውራ ጎዳና ቁልቁል ስትይዙ፣ በስተግራ ወደ አንድ ግቢ የሚያስገባ በር ታገኛላችሁ። ጎዳናው ላይ አውቶቡሱ፣ ታክሲው፣ ከባቡር ጣቢያው የሚጎርፈው ሕዝብ ይተራመሳል። ግቢው ውስጥ ስትገቡ ግን በፎቁ ላይ ከዳር እስከ ዳር የተዘረጋ ጥንታዊ የእንጨት ሰገነት ከፊታችሁ ይቆማል። ይህ ጆርጅ ኢን ነው። በቅዱስ ጊዮርጊስ ስም የተሰየመ መሸታ ቤት መሆኑ ነው።

መጠጥ ቤት ለምን እዚህ ቦታ በዛ ብትሉ ምክንያቱ ድልድዩ ነው። ለብዙ መቶ ዓመታት ወደ ለንደን ከተማ በደቡብ በኩል የሚያስገባው ድልድይ ይህ ብቻ ነበር፤ በሩም ሲመሽ ይዘጋል። ከካንተርበሪና ከዶቨር በኩል የመጣ መንገደኛ ከመሸበት ከድልድዩ ወዲህ ማደር ግድ ይሆንበታል። ስለዚህ በዚህ አንድ ጎዳና ላይ ማደሪያና መሸታው ተደረደረ። ጆን ስቶው የተባለው የለንደን ታሪክ ጸሐፊ በ1598 የመንገዱን ማደሪያዎች በስም ሲዘረዝር ጆርጅም ከመካከላቸው ነበረ። ጎረቤቱ ታባርድ ደግሞ የባሰ ዝና ነበረው፤ ባለቅኔው ቾሰር ወደ ካንተርበሪ የሚሄዱትን ተሳላሚዎቹን ያሰባሰበው እዚያ ነው።

ታዲያ ስቶው በጻፈ በዓመቱ፣ በ1599፣ ቶማስ ፕላተር የተባለ የስዊስ ሰው ለንደን ገባ። ወንዙን ተሻግሮ ሳዘርክ ውስጥ ቴአትር አየ፤ የከተማውንም መሸታ ቤቶች ታዘበ። ከሁሉ ያስገረመው ሴቶቹ ናቸው። በአገሩ ያላየውን ነገር እዚህ አየ፤ ሴቶች እንደ ወንዶቹ፣ እንዲያውም ከወንዶቹ ይልቅ፣ መሸታ ቤት ይመላለሳሉ ብሎ ጻፈ።

ለእኛ ግን ይህ ብዙ አያስገርምም። በመካከለኛው ዘመን እንግሊዝ ቢራ ጠምቀው የሚሸጡት በብዛት ሴቶች ነበሩ። ጠማቂዋ ጠላው ሲደርስላት፣ ጠላ ብዬ ልጥራውና፣ ረጅም እንጨት ጫፉ ላይ ቅጠል አስራ ከደጇ ታቆማለች። የእኛዋ ጠላ ሻጭ ጣሳ በእንጨት ላይ ደፍታ እንደምትተክለው ማለት ነው። ምልክቱን ያየ ጠጪም ይመጣል፣ ጥራቱንና ዋጋውን የሚቆጣጠር ሹም ቀማሽም ይመጣል። በ1393 ንጉሥ ሪቻርድ ሁለተኛ ምልክት ሳይሰቅል የሚሸጥ ጠማቂ መጠጡን ይወረስ የሚል ሕግ አወጣ። ዛሬ ፐብ በሚሉት በየእንግሊዝ መጠጥ ቤቱ ደጃፍ የምታዩት የተሳለ ሰሌዳ፣ አንበሳው፣ ዘውዱ፣ ነጩ አጋዘን፣ ከዚያ የመጣ ልማድ ነው። ማንበብ ለማይችል ሰው ሥዕል ይበቃዋል።

በ1676 እሳት ተነሣና አብዛኛውን ሳዘርክ በላው። ጆርጅም አብሮ ነደደ። በዓመቱ፣ በ1677፣ እንደ ገና ተሠራ፤ ዛሬ የቆመው ያ ነው። በ1725 ደግሞ ሌላ ስዊስ፣ ሴዛር ደ ሶሱር፣ እንግሊዝ አገር መጣ። እሱን ያስደነቀው ውሃው ነው። ከተማው ውስጥ ውሃ እንደ ልብ እያለ የሚጠጣው የለም፤ ድሃው ሳይቀር ጥሙን የሚቆርጠው በቢራ ነው ብሎ ለዘመዶቹ ጻፈላቸው።

ከዚያ የመንገደኛ ሠረገላ ዘመን መጣ። ግቢው በፈረስና በሻንጣ ተጥለቀለቀ። ደራሲው ቻርልስ ዲክንስ ይህን ጎዳና በልጅነቱ በክፉ ቀን ነው ያወቀው። አባቱ በ1824 በዕዳ የታሰሩበት ማርሻልሲ እስር ቤት እዚያው መንገድ ላይ ነበርና። በኋላም ጆርጅን በ«ሊትል ዶሪት» ውስጥ በስም አነሣው። ነገር ግን ባቡር መጣ፤ ሠረገላው ቀረ። የባቡሩ ኩባንያ ግቢውን ለዕቃ ማከማቻ ገዛና በ1889 ሁለቱን ክንፍ አፈረሰ። የተረፈው የደቡቡ ክንፍ ብቻ ነው። ታባርድና ሌሎቹም በዚያው ዘመን ጠፉ። በ1937 ጆርጅ ቅርስ ለሚጠብቀው ለናሽናል ትረስት ተላለፈና ተረፈ። ለንደን ውስጥ ባለ ሰገነት የሠረገላ ማደሪያ ከእሱ በቀር አልቀረም።

እንግዲህ ከሁለቱ ስዊሶች ወደ ዘመናችን እንግዳ ልውሰዳችሁ። ከአዲስ አበባ የመጡ አንድ ጋሼ ናቸው እንበል። ይዟቸው የሄደው ለንደን የከረመ የወንድማቸው ልጅ ነው፤ ሁለት የሥራ ባልደረቦቹም አሉ። ጋሼ የቤቱን ስም ሲሰሙ ሳቁ፤ «ጊዮርጊስ እዚህም ቢራ ጀመረ እንዴ?» አሉ። ገብተው ጥሩ ጠረጴዛ መርጠው ተቀመጡ። ጠበቁ። የሚመጣ የለም። ትንሽ ቆዩና እጃቸውን አጨበጨቡ። ቤቱ በሙሉ ዞሮ አያቸው።

«ኧረ ጋሼ፣ በእግዚአብሔር አያጨብጭቡ! እዚህ አስተናጋጅ አይመጣም።»

«እና ማን ሊታዘዘኝ ነው?»

«እኛው ነን ባንኮኒው ጋ ሄደን የምናመጣው።»

ተነሥተው አብረውት ሄዱ። ባንኮኒው ላይ ሰው እንደ ልቡ ቆሟል፤ አንዱ ክርኑን አስደግፎ፣ አንዷ ከወዳጇ ጋር እያወራች፣ ሌላው ስልኩን እያየ። ጋሼ ሰልፍ ፈለጉ፤ የለም። «ይሄማ የጉልበት ነው» ብለው ትከሻቸውን አሰፉ። ቀጂዋ ልጅ ግን ከወዲያ ወዲህ እያየች፣ ማን ቀድሞ እንደ ደረሰ በዓይኗ ይዛለች። አንድ ጢማም ሰውዬ ፊት ቆማ «ምን ልስጥህ?» ስትለው፣ ሰውዬው በአገጩ ወደ ጋሼ እያመለከተ «እሳቸው ቀድመውኛል» አላት። ጋሼ አፋቸውን ከፍተው ቀሩ። ሰልፍ የለም፣ ቁጥር የለም፣ ዘበኛ የለም፤ ተራው ግን አለ። ጠጪው ሁሉ በልቡ ይዞታል።

ልጅቷ ረጅሙን የእንጨት እጀታ ወደ ራሷ ሳበችው፤ ከምድር ቤቱ በርሜል ቡናማ ቢራ እየተንደቀደቀ ወጣ። መለስ አድርጋ ደግሞ ሳበችው። አንድ ፓይንት ሞላ፤ 568 ሚሊ ሊትር መሆኑ ነው። አረፋው ከላይ ሳሳ ያለ ነው። ጋሼ ቀመሱና «ይሄ ነገር ፍሪጅ አልገባም?» አሉ።

አልገባም። ይህ ዓይነቱ ቢራ በበርሜሉ ውስጥ እንዳለ መብሰሉን የሚቀጥል፣ ጋዝም ከውጭ የማይጨመርበት ነው። ምድር ቤቱ ከ11 እስከ 13 ዲግሪ ይጠበቃል፤ ከዚያ ከቀዘቀዘ ጣዕሙ ይሸፈናል ይላሉ። በ1960ዎቹ ፋብሪካዎቹ ይህን አስቀርተው በጋዝ የሚገፋ ቀዝቃዛ ቢራ ሲያስፋፉ፣ በ1971 አራት ወዳጆች ካምራ የተባለውን ማኅበር አቋቋሙና ተከራከሩ። ያቺ የእንጨት እጀታ እስካሁን በየቤቱ የምትሳበው በእነሱ ሙግት ጭምር ነው።

ሂሳብ ሲመጣ ሌላ ጉድ። ጋሼ የአራቱን ከፈሉ፤ መልካም። ሁለተኛውንም ሊከፍሉ ኪሳቸው ሲገቡ የወንድማቸው ልጅ እጃቸውን ያዘ። እዚህ አገር መጠጥ በዙር ነው። አንዱ ለሁሉ ይገዛል፣ ቀጥሎ ሌላው፣ እንዲህ እያለ ይዞራል። ሁሉን እኔ ልክፈል ያለ ሰው የሌሎቹን ተራ ነጠቀ ማለት ነው፤ ጠጥቶ ዙሩ ሳይደርሰው ሹልክ ያለ ደግሞ ስሙ ይጠፋል። ጋሼ እያጉረመረሙ እጃቸውን መለሱ።

ግድግዳው ላይ ትልቅ የድሮ ሰዓት አለ፤ የፓርላማ ሰዓት ይሉታል። በ1797 ጠቅላይ ሚኒስትሩ ፒት በሰዓት ላይ ግብር ጣለ። ሰዉ የኪሱን ሰዓት ደብቆ በመሸታ ቤት ሰዓት ተዳደረ ይባላል። እንዲህ ያለው ሰዓት ከግብሩ በፊትም በየመሸታ ቤቱ ይሰቀል ነበር፤ ግብሩም በዓመቱ ተሻረ፤ ስሙ ግን ተጣብቆ ቀረ። መንግሥት በሰዓት የነካካው ይህ ብቻ አይደለም። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የጥይት ፋብሪካ ሠራተኛ ሰክሮ ሥራ እንዳይፈታ ተብሎ የመጠጫ ሰዓት ተገደበ፤ ከሰዓት በኋላ ቤቱ ይዘጋ ነበር። ይህ ገደብ ቀኑን ሙሉ ለመክፈት የላላው በ1988 ነው። ዛሬም መዝጊያው ሲቃረብ ደወል ይደወላል፤ የመጨረሻውን የሚያዝዝ ይዘዝ ማለት ነው።

የሦስቱ እንግዶች ትዝብት አንድ ቦታ ይገናኛል። ፕላተር ሴቱ ከወንዱ እኩል ሲቀመጥ አየ፤ ሶሱር ድሃው ሀብታሙ የሚጠጣውን ሲጠጣ አየ፤ ጋሼ የማያውቃቸው ሰው ተራቸውን ሲያስከብርላቸው አዩ። ፐብ የሚደነቀው በዕድሜው ብቻ ቢመስልም፣ እኔን ከጠየቃችሁኝ ትልቁ ሀብቱ ይህ ያልተጻፈ ሥርዓት ነው። እንግዳውን የሚቀበለው ሥርዓቱን በማካፈል ነው፤ ባንኮኒው ፊት የሁሉም ደረጃ እኩል ነው።

ይሁንና ቤቶቹ እየተዘጉ ነው። በ2000 ብሪታንያ ውስጥ ከ60 ሺህ በላይ ፐብ ነበረ፤ ከሃያ ዓመት በኋላ 50 ሺህ አልሞላም። የኪራዩና የመብራቱ ውድነት፣ ግብሩ፣ ከሱፐርማርኬት በርካሽ ገዝቶ ቤት የሚጠጣው ሰው መብዛቱ፣ ሁሉም ድርሻ አለው። ጆርጅን ቅርስነቱ ይጠብቀዋል፤ በየአውራ ጎዳናው ያለውን ስም የለሽ ፐብ ግን የሚጠብቅለት የለም።

ስለዚህ ወደዚያ የምትሄዱ፣ ፎቶ አንሥታችሁ ብቻ አትውጡ። አልኮል የማትጠጡም ብትሆኑ ለስላሳ እዘዙ፣ ተራችሁን ጠብቁ፣ ዙራችሁን ክፈሉ። መጠጥ ቤት በአድናቂ ብዛት አይቆምም፤ የሚያቆመው ሂሳቡን የሚከፍል ደንበኛ ነው።