በሰባ ሁለት እጅ ያለፈች ሲኒ

ቡናው ፈልቶ፣ ረከቦቱ ቀርቦ፣ አቦሉ ሲቀዳ «ሲኒ ለምን ሲኒ ተባለ?» ብሎ የሚጠይቅ ቢኖር ልጅ ነው። እኛ አዋቂዎቹ መጠየቁን ትተነዋል። መልሱ ግን ከስሙ አይርቅም። በዐረብኛ «ሲን» ማለት ቻይና፣ «ሲኒ» ደግሞ ቻይናዊ ማለት ነው። ከጀበናው ጎን የምንደረድራት ትንሽ ዕቃ የትውልድ አገሯን ስትጠራ ኖራለች፤ ሰሚ አጣች እንጂ።

ስሙን ተከትለን ብንሄድ በደቡብ ምሥራቅ ቻይና ከጂንግደዠን ከተማ እንደርሳለን። ከተማዋ ይህን ስም ያገኘችው በ1004 (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ሲሆን፣ የሶንግ ሥርወ መንግሥት ንጉሠ ነገሥት ዠንዞንግ «ጂንግደ» የተሰኘውን የዘመነ መንግሥቱን መጠሪያ አውሶ ሰይሟታል። ከዚያም ለብዙ ዘመናት የቤተ መንግሥቱን ዕቃ ስታቀርብ ኖረች።

ለመሆኑ ፖርሴሊን ከተራው ሸክላ በምን ይለያል? ነገሩ ከሁለት ጥሬ ዕቃ ይጀምራል። አንደኛው በከተማዋ አቅራቢያ ከጋኦሊንግ የሚቆፈረው ነጭ አፈር ነው፤ ዓለም «ካኦሊን» የሚለው በዚሁ ቦታ ስም ነው። ሁለተኛው በውኃ ኃይል በሚንቀሳቀስ መዶሻ ተወቅጦ የሚልም ድንጋይ ነው። አፈሩ አጥንት፣ ድንጋዩ ሥጋ ይባላሉ። ሁለቱ አብረው ተቦክተው፣ ቅርጽ ይዘው 1,300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በሚደርስ እሳት ሲጋገሩ የድንጋዩ ከፊል ቀልጦ አፈሩን ያያይዘዋል። ዕቃው ውኃ አያሳልፍም፤ ሲነኩት እንደ ደወል ይጮኻል።

አውሮፓውያን ይህን ምሥጢር ለማግኘት ብዙ ደክመዋል። የሳክሶኒው ገዥ አውግስጦስ በ1717 ለፕሩሲያው ንጉሥ 600 ወታደሮች ሰጥቶ 151 የፖርሴሊን ዕቃዎች መውሰዱ የፍቅሩን ልክ ያሳያል። በጂንግደዠን የኖሩት ፈረንሳዊው ካህን አባ ዳንትርኮል ደግሞ በ1712 እና በ1722 በላኳቸው ደብዳቤዎች አሠራሩን በዝርዝር ገልጸዋል። ድንጋዩን ብቻ ገዝተው ወደ አገራቸው የወሰዱ ባዕዳን እንዳልሆነላቸው የሰማ አንድ ቻይናዊ ነጋዴ፣ ያለ አጥንት የሚቆም ሥጋ ፈለጉ ብሎ እንደሳቀባቸውም ጽፈዋል።

ይሁንና ምሥጢሩ አፈርና ድንጋይ ብቻ አልነበረም። ሶንግ ይንግሺንግ የተባለው ቻይናዊ ሊቅ በ1637 ባሳተመው መጽሐፍ አንዲት ሲኒ ተሠርታ እስክታልቅ በ72 እጅ እንደምታልፍ ጽፏል። አንዱ ያቦካል፣ አንዱ በመንኮራኩር ያሾራል፣ አንዱ ጠርዟን ይልጋል። ሥዕሉን እንኳ አንድ ሰው አይጨርሰውም፤ መስመሩን የሚያሰምር ቀለሙን አይሞላም። የሚሳለውም ለጌጥ ብቻ አይደለም። የሌሊት ወፍ በቻይንኛ «ፉ» ትባላለች፤ በረከትም «ፉ» ነው። ዓሣ «ዩ» ነው፤ የተትረፈረፈ ሀብትም እንዲሁ። እንደ እኛ ኅብረ ቃል ሁሉ ወርቁ ከሰሙ ሥር ተቀምጧል።

የእነዚያ እጆች ኑሮ ግን እንደ ዕቃው አላማረም። በዋንሊ ንጉሠ ነገሥት ዘመን (1572–1620) ቤተ መንግሥቱ ዘንዶ የተሳለበት ግዙፍ ጋን አዘዘ። ጋኑ በተጋገረ ቁጥር እየተሰነጠቀ አስቸገረ፤ ሠራተኞቹም ይገረፉ ጀመር። ቶንግ ቢን የሚባል የእቶን ሠራተኛ የባልንጀሮቹን ሥቃይ መሸከም አቅቶት ራሱን እሳቱ ውስጥ ወረወረ። እቶኑ ሲከፈት ጋኑ ያለ አንዳች እንከን ወጣ ይባላል። ሸክላ ሠሪዎቹም ቤተ መቅደስ ሠርተው የእሳታቸው ጠባቂ አደረጉት።

ከመጀመሪያዎቹ የሚንግ ነገሥታት ዘመን ጀምሮ በንጉሡ ዕቃ ግርጌ የንጉሡ ዘመን ስም ይጻፍ ነበር። ትንሽ እንከን የተገኘበት ዕቃ ተራ ሰው እጅ እንዳይገባ ተሰባብሮ ይቀበራል። ከ1980ዎቹ ወዲህ የታሪክ ተመራማሪዎች ያን ስባሪ ቆፍረው አውጥተው፣ እየለቀሙ ገጥመውታል። ከግርጌው ያነበቡት የንጉሡን ዘመን ነው፤ የሠሪዎቹ ስም አልተጻፈበትም።

ዛሬ ከገበያ የምንገዛት ሲኒ ከጂንግደዠን ላትመጣ ትችላለች። ስሟን ግን ከዚያው ከቻይና ይዛ ቀርታለች። እንግዲህ ልጁ በቶናው ላይ ደግሞ ቢጠይቀን፣ አገሯን ከነገርነው በኋላ ሰባ ሁለቱን እጆችም አንርሳበት።