ምስጢራችንን የማያውቅ ዘበኛ

እኛ አስኮ ያደግን ልጆች የመጀመሪያ ኢሜይላችንን የከፈትነው ኢንተርኔት ቤት፣ ደቂቃ እየተቆጠረብን ነው። እጃችን ሲንቀጠቀጥ ያየው አስተናጋጅ የይለፍ ቃሉን ራሱ መረጠልን፤ እንዳንረሳውም ብሎ ደብተሩ ላይ ጻፈው። አንድ ቀን ደብተሩ ጠፋ። ሳምንት ሳይሞላ ከመካከላችን የአንዱ ኢሜይል አሜሪካ ላሉት አጎቱ «ታምሜያለሁ፣ ብር ላኩልኝ» ብሎ ጻፈ። አጎትየው ደንግጠው ሲደውሉ ልጁ ኳስ ሜዳ ነበር። እስከ ዛሬ ሙሉ በሙሉ አላመኑትም።

ደብተሩ ግን የአስኮ ፈጠራ አይደለም። በ1961 (ዓመቶቹ በፈረንጆች ናቸው) አሜሪካ ኤምአይቲ ውስጥ እነ ፈርናንዶ ኮርባቶ ብዙ ሰው አንድ ኮምፒዩተር በአንዴ የሚጋራበትን ሲቲኤስኤስ የተባለ ሥርዓት ሠሩ። ሥራ እንዳይቀላቀል ለየሰዉ የይለፍ ቃል ተሰጠ፤ ቃሎቹ ግን እንዳሉ በአንድ ፋይል ተቀመጡ። በ1962 አለን ሸር የተባለ ተማሪ የተመደበለት ሰዓት አልበቃው አለና ፋይሉን በወረቀት አሳትሞ በሰው ስም መግባት ጀመረ። በ1966 ደግሞ ይባስ ብሎ ሁለት ፋይሎች ተቀያየሩና ለገባ ሰው ሁሉ በዕለቱ መልእክት ፋንታ የሁሉም የይለፍ ቃል ወጣ!

መፍትሔውን በዚያው በ1960ዎቹ እንግሊዝ አገር፣ ካምብሪጅ፣ ሮጀር ኒድሃም አሰበው። ዘበኛው ምስጢሩን ለምን ያውቃል? ቃሉን ፈጭቶ ዱቄቱን ብቻ ያስቀምጥ። የተፈጨ በርበሬ ተመልሶ ዛላ አይሆንም። ስንገባ የጻፍነው ቃል እንደገና ይፈጫል፤ ዱቄቱ ከተቀመጠው ጋር ከገጠመ እናልፋለን። ባለሙያዎቹ ሃሺንግ ይሉታል።

ሌባም ግን ወፍጮ አለው። የተለመዱ ቃሎችን አስቀድሞ ፈጭቶ ያመሳስላል። ሮበርት ሞሪስና ኬን ቶምፕሰን በ1979 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ ከሰበሰቧቸው 3,289 የይለፍ ቃሎች 86 በመቶው አጭር ወይም በቀላሉ የሚገኙ ነበሩ። ለዩኒክስ ያበጁት ወፍጮ ታዲያ ሆን ብሎ ይዘገያል፤ በየሰዉ ቃል ላይም ከ4,096 ዓይነት «ጨው» አንዱን ይነሰንሳል (ስሙን እኛ አላወጣነውም፣ በእንግሊዝኛም ጨው ነው)። ሁለት ሰዎች አንድ ቃል ቢመርጡ እንኳ ዱቄታቸው ይለያያል። የሚሰማ ከተገኘ ነው እንግዲህ፤ ከ30 ዓመት በኋላ፣ በ2009፣ ሮክዩ የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ 32 ሚሊዮን ያልተፈጨ የይለፍ ቃል ተዘረፈ። ከሁሉ የበዛው 123456 ነበር።

ወደ አስኮ እንመለስ። ቴሌብር በ2021 ሥራ ከጀመረ ወዲህ የሰፈራችን ገንዘብ ስልክ ውስጥ እየገባ ነው። በቀደም አንዲት እናት ሱቅ በር ላይ ስልካቸውን ለባለሱቁ ልጅ ሰጥተው የምስጢር ቁጥራቸውን ጮክ ብለው ነገሩት። የተሰለፍነው ሁሉ ሰማን። ጥቂት አሃዝ ብቻ ያለው ቁጥር አማራጩም ጥቂት ነው፤ ወፍጮውም ጨውም ብዙ አያድኑትም። የሚያድነው ሲሳሳቱ መቆለፉና የባለቤቱ ዝምታ ነው።

«እማማ፣ ለሰው አይንገሩት» አልናቸው።

«ልጄ፣ እሱን ካላመንኩ ማንን ላምን?» አሉን።